ግመል የማይወጣው ዳገት፦ የካፒቴን ሃሪስን መጽሐፍ ከበረኛውና ከተሸካሚው ወገን ማንበብ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ከቀረበው ንግግር የተገለበጠ)



ንግግሬን የምጀምረው በትክክል መመለስ ካቃተኝ አንድ ጥያቄ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት የታሪክ ተማሪዎችን ይዤ ወደ አንኮበር ሄጄ ነበር። መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል በደጋው ሜዳ ላይ፣ በገብስና በባቄላ ማሳ መካከል ይሄድና ድንገት መሬቱ ያልቃል። ቤተ መንግሥቱ በነበረበት ጉብታ ላይ ቆመን፣ ፊታችንን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ይፋት ቆላና ከዚያም ማዶ ወዳለው የአፋር ሜዳ አዙረን፣ እኔ እንደ ልማዴ ከካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ መጽሐፍ ያገኘሁትን እተርክ ነበር። የእንግሊዝ መልእክተኞች በዚህ ዳገት እንደወጡ፣ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መድፍና ጠመንጃ እንዳበረከቱ፣ ንጉሡም እንዴት እንደተቀበሏቸው እተርካለሁ። ከተማሪዎቹ አንዱ የአልዩ አምባ ልጅ ነው። ቁልቁል ወደ አገሩ እያየ፣ «መምህር፣ ያን ሁሉ ዕቃ ማን ተሸክሞ አወጣው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ግመል» አልሁት፤ ሳላስብ።

«ግመል ይህን ዳገት አይወጣም» አለኝ።

ልክ ነበር። እኔ ያን መጽሐፍ ለዓመታት ሳስተምርበት ኖሬ ይህን ጥያቄ ጠይቄው አላውቅም። ወደ ቤቴ ተመልሼ መጽሐፉን እንደገና ገለጥሁ፤ መልሱም እዚያው ተጽፎ አገኘሁት። አንብቤው አልፌዋለሁ። ዛሬ ማታ የምናገረው ስለዚህ ንባብ ነው፤ የመንገደኛ መጽሐፍ የአገራችንን መልክአ ምድር፣ አራዊትና ቅርስ ሲገልጽልን ምን እንደሚያሳየን፣ ምንንስ ዓይናችን እያየ እንደሚያሳልፈን። የምጠቅሳቸው ዘመናት፣ ምንጮቹ እንደዚያ ስለሆኑ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሃሪስ ማን ነበር? በቦምቤይ የእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ጦር ውስጥ ያገለገለ መሐንዲስ ነው። የተወለደው በ1807 ነው። ወደ ሸዋ ከመምጣቱ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1836፣ ታሞ ስለነበር ለማገገም ከሕንድ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ወደ ኬፕ ተላከ። እርሱ ግን ከአንድ ወዳጁ ጋር በሬ የሚስበው ሠረገላ አዘጋጅቶ ወደ መሀል አገር ገባ። ከኩሩማን አልፎ ዛሬ የደቡብ አፍሪካ ሪፐብሊክ ሰሜናዊ ክፍል ወደሆነው አገር፣ ማጋሊስበርግ ወደሚባለው የተራራ ሰንሰለት ተጓዘ። በዚያም ቀንዱ ወደ ኋላ እንደ ጎራዴ የታጠፈ፣ ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ የሆነ ትልቅ የዱር እንስሳ ገደለ። ሳይንስ ያን እንስሳ ከዚያ በፊት መዝግቦት አያውቅም ነበርና እስከ ዛሬ ሳይንሳዊ ስሙ ሲጻፍ የሃሪስ ስም ከአጠገቡ አለ። ስለዚህ ጉዞ የጻፈው መጽሐፍ መጀመሪያ በቦምቤይ፣ ቀጥሎም በ1839 በለንደን ታተመ፤ በ1840 ደግሞ የደቡብ አፍሪካን አራዊት በገዛ እጁ ሥሎ በትልቅ ጥራዝ አወጣ። ወደ አንኮበር የመጣው ይህን ዝና ይዞ ነው።

በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ አንኮበርን ያየው ዓይን የሠለጠነው እዚያ ነውና። የሃሪስ የደቡብ አፍሪካ ሥዕሎች ዛሬ ትልቅ ዋጋ አላቸው። ኩዋጋ የሚባለውን፣ ግማሽ አካሉ ብቻ ዝንጉርጉር የሆነውን የሜዳ አህያ በመንጋ አይቶ ሥሎታል፤ የመጨረሻዋ ኩዋጋ በ1883 በአምስተርዳም የእንስሳት ማቆያ ሞተች፤ ዘሩም ጠፋ። ስለዚህ ሥዕሉ ምስክር ነው፤ ሠዓሊው ግን ከገዳዮቹ አንዱ ነው። ይህን የምለው ልፈርድበት አይደለም። በዘመኑ አንድ የተፈጥሮ ተመራማሪ እንስሳ ለማወቅ መግደል ነበረበት። ነገር ግን አገርን እንደ ማደኛ ሜዳ ማየት የለመደ ሰው፣ ሜዳው የማን እንደሆነ መጠየቅ ይከብደዋል።

የማጋሊስበርግ አካባቢም ባለቤት ነበረው። ያን ጊዜ የንዴቤሌው ንጉሥ ምዚሊካዚ ግዛት ነበር። ሃሪስ ወደ እርሱ ሠፈር ሄዶ፣ ስጦታ አቅርቦ፣ የራሱን ድንኳን ሳይቀር ሰጥቶ ነው በፈለገው መንገድ ለመመለስ ፈቃድ ያገኘው። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ምዚሊካዚ ስጦታ የሚወድድ ጨካኝ ገዥ ሆኖ ይታያል፤ ፈቃድ የሚሰጥና የሚነሣ መንግሥት ሆኖ አይታይም። ሃሪስ ከተመለሰ በኋላ ብዙም ሳይቆይ በ1837 የቦር ሰፋሪዎች ምዚሊካዚን ወግተው ከዚያ አገር አስለቀቁት፤ እርሱም ሕዝቡን ይዞ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዛሬዋ ዚምባብዌ ተሻገረ። በሃሪስ መጽሐፍ ያለው መልክአ ምድር አራዊት የሞላበት፣ ባለቤቱም አንድ የሚያስፈራ ሰው ብቻ የሆነ ይመስላል። እንዲህ ያለ አገር ለመውሰድ ቀላል ነው። ሃሪስ ይህን አስቦ ጻፈ አልልም፤ መጽሐፉ ግን እንደዚያ ይነበባል።

ይኸው ሰው ነው በ1841 በቦምቤይ መንግሥት ተሹሞ ወደ ሸዋ የተላከው። ከእርሱ ጋር ካፒቴን ግራሃም፣ ሐኪሙ ዶክተር ከርክ፣ የተፈጥሮ ተመራማሪው ጀርመናዊው ዶክተር ሮት፣ ሠዓሊው ዮሐን ማርቲን በርናትስ፣ ሌሎችም መኰንኖችና ወታደሮች ነበሩ። ታጁራ ላይ ወርደው በአሳል ሐይቅ በኩል፣ በዚያ ነዲድ ተጓዙ። በመንገድ ላይ ሦስት ሰዎቻቸው ሌሊት በተኙበት ተገደሉ። በሐምሌ ከሸዋ ጠረፍ፣ ፋሬ ከሚባለው ስፍራ ደረሱ። ክረምት ነው።

እንግዲህ በሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የአንኮበር ስም ራሱ «በር» የሚለውን ቃል ይዟል፤ ትውፊቱ «አንኮ» የምትባል የኦሮሞ እመቤት በር ነበር ይለናል። በሩ ግን የስም ብቻ አይደለም። ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ቅፍለት በይፋት በኩል ገብቶ አልዩ አምባ ገበያ ላይ ያርፋል። ቀረጥ እዚያ ይከፈላል፤ ማን ገባ፣ ምን ይዞ ገባ የሚለው እዚያ ይታወቃል። በሩን በንጉሡ ስም የሚጠብቀው የይፋቱ ገዥ ወላስማ መሐመድ ነበር። «ወላስማ» ከመካከለኛው ዘመን የይፋት ሥርወ መንግሥት የወረደ ስም ነው። ስለዚህ በሩን የሚጠብቀው ሰው በሸዋ ክርስቲያን ንጉሥ ሥር ያለ፣ ከጥንት የይፋት እስላም ገዥዎች ስም የወረሰ ባለሥልጣን ነው። የጎንቾ እስር ቤት ቁልፍም በእጁ ነበር። ስለ ሸዋ መንግሥት አሠራር ከዚህ አንድ ሹመት ብቻ ብዙ መማር ይቻላል፤ ዛሬ ግን ወደዚያ አልገባም።

ሃሪስ በወላስማው ላይ ይማረራል። ያዘገያቸዋል፣ ዕቃቸውን ለማየት ይፈልጋል፣ ከንጉሡ ቃል እስኪመጣ አያሳልፋቸውም። ዝናቡ ይወርዳል፣ ቤቱ ያፈስሳል፣ ቀኑ ይሄዳል። እኔ ተማሪ ሳለሁ እነዚህን ገጾች ሳነብ ለእንግዶቹ አዝን ነበር፤ ወላስማውንም እንደ ተራ ምቀኛ እቈጥረው ነበር። አሁን ስመለከተው የማየው ሌላ ነው። ሦስት መቶ ጠመንጃና መድፍ የጫነ የባዕድ አገር ቡድን ያለ ንጉሥ ፈቃድ የአገሩን ጠረፍ ሊያልፍ ይፈልጋል። የጠረፍ ሹም ምን ማድረግ ነበረበት? ያው ወላስማ መሐመድ ያደረገውን። የተጓዡ ምሬት ሥራውን የሚሠራ መንግሥት እንደነበረ የሚያሳየን ማስረጃ ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ደጋግሜ እናገራለሁ፤ አውሮፓዊው ተጓዥ በሚያደንቅበት ገጽ ላይ ስለ ራሱ ይነግራችኋል፤ በሚያጕረመርምበት ገጽ ላይ ስለ እኛ።

ከፋሬ ወደ ላይ ደግሞ ያ ተማሪ ያለው ሆነ። ግመል አልወጣም። ቅፍለቱ ቆመ፤ ሸክሙ ከግመል ወረደ። ከዚያ በንጉሡ ትእዛዝ፣ በወላስማው ሰብሳቢነት፣ የይፋት እስላም ገበሬዎች በመቶዎች ተጠርተው ሣጥኑን፣ ጥይቱን፣ የመድፉን ዕቃ በትከሻቸው ተሸክመው በጭቃ ዳገቱን አወጡት። ሃሪስ ይህን በጥቂት መስመሮች ጽፎ ያልፈዋል። የአንዳቸውንም ስም አልጻፈም። የበቅሎውን ሁኔታ የገለጸውን ያህል እንኳ ስለ ተሸካሚዎቹ አላለም።

እነዚህ ሰዎች እንዲያ ባለው ወራት ምን ትተው ነው የመጡት? ገበሬ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሐምሌ የእርሻና የዘር ወር ነው። እያንዳንዱ የሸክም ቀን ከማሳ የተወሰደ ቀን ነው። የዲፕሎማሲ ታሪካችንን ስንጽፍ ስምምነቱ የተፈረመበትን ቀን እናሰፍራለን፤ ይህን ወጪ ግን የትም ዓምድ ውስጥ አናገባውም። እኔም አላገባሁትም ነበር።

ስምምነቱ የተፈረመው በኖቬምበር 16 ቀን 1841 በአንጎለላ ነው፤ የወዳጅነትና የንግድ ውል ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር የፈረንሳይን ውል ይዞ ተመለሰ። ንጉሡ ሁለቱንም ፈረሙ። ለዚህ ነው «የዋህ ንጉሥ፣ በመስተዋትና በሙዚቃ ሣጥን የተታለለ» የሚለውን ሥዕል የማልቀበለው። ሣህለ ሥላሴ ከ1813 ጀምረው የነገሡ፣ በዚያን ጊዜ ወደ ሠላሳ ዓመት የሚጠጋ የሥልጣን ልምድ ያላቸው ሰው ነበሩ። መሣሪያ ይፈልጋሉ፤ መሣሪያ የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነው፤ ባሕሩ ደግሞ በእጃቸው አይደለም። እንግዳውን ተቀብለው ባልደራባ ሰጡት፤ ድርጎ ቈረጡለት። ባልደራባው ጉዳዩን ወደ ንጉሡ ያደርስለታል፤ የእንግዳውን ውሎም ለንጉሡ ያደርሳል። ድርጎው ይመግበዋል፤ ከገበያው ጋርም በራሱ እንዳይገናኝ ያደርገዋል። እንግዳ ማክበርና እንግዳ መጠበቅ በአንድ ሥርዓት ውስጥ ናቸው። ሃሪስ የመጀመሪያውን እንደ ደግነት፣ ሁለተኛውን እንደ ጥርጣሬ ጻፈው፤ ነገሩ ግን አንድ ነበር።

አንድ ነገር ሳልሸፋፍን ልናገር። የሣህለ ሥላሴን መንግሥት ጥበብ የማነሣው ሁሉ ነገሩ መልካም ነበር ለማለት አይደለም። ሃሪስ ንጉሡን ተከትሎ በአጎራባች የኦሮሞ ምድር ላይ በተደረገ ዘመቻ ሄዷል፤ የተቃጠለ መንደር፣ የተነዳ ከብት፣ የተማረኩ ሴቶችና ሕፃናት አይቶ ጽፏል። እዚህ ላይ ቃሉን ችላ ማለት የምንፈልግ አንዳንዶች እንኖራለን፤ ቤተ መንግሥቱን ሲያደንቅ ምስክራችን፣ ዘመቻውን ሲገልጽ ግን ጠላታችን ልናደርገው ያምረናል። እንዲህ አይሆንም። የአንጎለላ ሜዳ ዛሬ ስናልፍበት ያማረ መስክ ነው። በዚያን ጊዜ ግን ጠረፍ ነበር፤ ጠረፍ ደግሞ ሁለት ወገን አለው። የአንዱ ወገን ዜና መዋዕል አለን፤ የሌላውን ወገን የሚይዘው በአብዛኛው የቃል ትውፊት ነው። ያንን የመሰብሰብ ሥራ ከዚህ ክፍል ተመራቂዎች በተለይ ኦሮምኛ የምትችሉ ብትይዙት ዕዳችን ይቀልል ነበር።

አሁን ወደ መልክአ ምድሩ ልምጣ።

ሃሪስ ከአፋር በረሃ ወጥቶ የሸዋን ደጋ ሲያይ ተደንቋል፤ ማንም ይደነቃል። ከታች ጨው፣ ከላይ ስንዴ። እርሱ ግን ይህን ሁሉ ልምላሜ ተፈጥሮ የሰጠችው አድርጎ ያየዋል፤ ገበሬውን ደግሞ ኋላ ቀር መሣሪያ የያዘ ሰነፍ ያደርገዋል። ሁለቱ አብረው እንዴት ይሄዳሉ? ያን ዳገት የእርከን ማሳ ያደረገው ማን ነው? ድንጋዩን ለቅሞ ካብ የካበው፣ ውሃውን በቦይ የመለሰው ማን ነው? ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ስትወርዱ በግማሽ ቀን መንገድ ከገብስ ወደ ጤፍ፣ ከጤፍ ወደ ማሽላ ትሻገራላችሁ። ይህን የሚያውቅ ገበሬ ነው ዳገቱን «መልክአ ምድር» ያደረገው። ይኸው ደጋ ሃሪስ ከመምጣቱ አራት መቶ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ለአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከተማ ስንቅ ችሏል። ዜና መዋዕሉ ከሰማይ ስለታየው ብርሃን ይተርካል፤ የዚህ ከተማችን ስም ከዚያ ነው። ንጉሡ ግን በአንድ ስፍራ ዓመታት የተቀመጡት በብርሃኑ ብቻ አይደለም፤ ያን የሚያህል ሠራዊትና ካህናት የሚመግብ ማሳ ስለነበረ ነው። (ሳቅ) የነገረ መለኮት መምህሮቻችን ይቅር ይበሉኝ።

አራዊቱም እንደዚሁ ነው። ሃሪስ በሸዋም አድኗል፤ ዝሆንና ጎሽ የገደለ ሰው በሸዋ ምን ያህል ማዕረግ እንደሚያገኝ በሰፊው ይተርካል። ይህን የጻፈው ደስ ብሎት ነው፤ በመጨረሻ የእርሱን ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች አገኘ። በዚህ ረገድ መኳንንቶቻችንና ካፒቴኑ ተግባብተዋል፤ ዛሬ በሰሜን ሸዋ ዝሆን የለም። ጥፋቱን ሁሉ በባዕድ ላይ ማላከክ አንችልም። የዝሆን ጥርስ ከንግዳችን ዋነኞቹ ዕቃዎች አንዱ ነበር።

ነገር ግን ከአደን ውጭ ሌላ የአራዊት ታሪክ ነበረ፤ ሃሪስ አላየውም። ወደ ሰሜን፣ በመንዝ፣ ጓሳ የሚባለው ከፍተኛ ሜዳ አለ፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 ሜትር ይበልጣል፤ ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ስሙን ያገኘው ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለብዙ ነገር ከሚሆነው የጓሳ ሣር ነው። በትውፊት መሠረት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይህን ሜዳ የአስቦና የጌራ፣ የሁለቱ አቅኚ አባቶች፣ ተወላጆች በጋራ ይዘው በቀሮ ሥርዓት ይጠብቁት ነበር። ሜዳው ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፤ ሣር ማጨድ፣ ከብት ማሰማራት ክልክል ይሆናል። አባ ቀራ የሚባሉት የተመረጡ ጠባቂዎች ወጣቱን አስከትለው ይዞራሉ። ሣሩ ሲደርስ ቀኑ ተቈርጦ ይነገራል፤ ሜዳው ይከፈታል፤ ሁሉም እንደ ድርሻው ያጭዳል። ከዚያ እንደገና ይዘጋል። የጠበቁት ሣሩን ነው፤ ለራሳቸው ጥቅም ነው። ከሣሩ ጋር ግን አይጡ ተጠበቀ፤ ከአይጡ ጋር ቀይ ቀበሮው ተጠበቀ፤ ጭላዳውም ጅብራውም ቀሩ። ከ1975ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ የቀሮው ሕጋዊ መሠረት ፈረሰ፤ ሜዳውም ተጎዳ። ሕዝቡ በኋላ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ ሕጉን በአዲስ መልክ አድርጎ እስከ ዛሬ ይዞታል።

ማጋሊስበርግንና ጓሳን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ተመልከቱ። በአንደኛው ሥዕሉ ቀረ፣ ኩዋጋው ጠፋ። በሁለተኛው ሥዕል የሣለ ተጓዥ አልነበረም፤ ቀበሮው ግን አለ። ሰፊ ድምዳሜ ለመስጠት ሁለት ምሳሌ እንደማይበቃ አውቃለሁ፤ የንዴቤሌም የሣና ሕዝብም የራሳቸው የአጠባበቅ ሥርዓት ነበራቸው፤ የፈረሰውም አገራቸው በወረራ በተወሰደ ጊዜ ነው። የመንዝ ቀሮ የቆየው ምድሩ በባለቤቶቹ እጅ ስለቆየ ይሆናል። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ልትሞግቱኝ ትችላላችሁ።

ስለ ወፏም አንድ ቃል። ከሃሪስ በኋላ በምኒልክ ዘመን፣ በ1876፣ የጣሊያን የመልክአ ምድር ማኅበር ጓዶች በማርኬዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪ መሪነት መጡ፤ ንጉሡም ከአንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ የተባለውን ስፍራ ሰጧቸው። አንቲኖሪ ወፍ ሰብሳቢ ነበር፤ ሌት ማረፊያን የምርምር ጣቢያ አድርጎ ለዓመታት ኖረባት፤ በ1882 በዚያው ሞቶ በዚያው ተቀበረ። በዚሁ ገደል አፋፍ ላይ የምትኖር አንዲት ትንሽ፣ ቡናማ፣ ዝንጉርጉር፣ ዘር ለቃሚ ወፍ ግን ከሳይንስ መዝገብ የገባችው ከእርሱ ሞት አንድ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1979 ነው። ዛሬ በዓለም የምትታወቀው በአንኮበር ስም ነው። የሚያስደንቅ ላባ የላትም፤ ሥጋዋ አይበላም፤ ገድሎ የሚፎክርባት የለም። የተጓዦች ዓይን ያመለጣትም ለዚህ ይመስለኛል። የአንኮበር እረኛ ግን አላያትም ነበር ማለት አይቻልም። እርሱን የጠየቀው አልነበረም እንጂ።

ሃሪስን ብቻውን እንዳንይዝ የሚረዳን ሌላ ምስክር አለን። ቻርልስ ጆንስተን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1842 በዚያው በታጁራ መንገድ መጣ፤ የንጉሥ ስጦታ የጫነ ግመል አልነበረውም። ብዙውን ጊዜ የኖረው በአልዩ አምባ፣ በነጋዴዎቹ መካከል፣ በወባ እየታመመ ነው። የሁለቱም መጽሐፍ በአንድ ዓመት፣ በ1844፣ በለንደን ታተመ። ጆንስተን ሃሪስን ክፉኛ ይነቅፋል፤ የግል ቅያሜም ነበረው፤ ስለዚህ እርሱም ንጹሕ ምስክር አይደለም። ነገር ግን የገበያ ቀን፣ የአሞሌ ምንዛሪ፣ የጎረቤት ጠብ ስንፈልግ ወደ እርሱ ነው የምንሄደው። ሃሪስ የሸዋን ጫፍ ከላይ አየ፤ ጆንስተን ከዳገቱ ሥር ሆኖ ሽቅብ አየ። ያ ተማሪዬም የጠየቀኝ ከዚያው ከአልዩ አምባ ሆኖ ነው፤ ይህን ያስተዋልሁት ዘግይቼ ነው።

ይህ ሁሉ ለዛሬ ምን ይፈይዳል ለምትሉኝ፦ አንኮበር ዛሬ የጎብኚ ስፍራ ናት። በጉብታው ላይ ቤተ መንግሥቱን የሚያስታውስ ማረፊያ ተሠርቷል፤ እንግዳ ይመጣል፤ አስጐብኚዎቹም አብዛኛዎቹ የእኛው ተማሪዎች ናቸው። የሚተርኩት ከእኛ የሰሙትን ነው። እኔ ለዓመታት ያስተማርሁት «ሃሪስ እንዲህ አለ» ነበር፤ እነርሱም «ሃሪስ እንዲህ አለ» ይላሉ። ባለፈው ዓመት አንድ አስጐብኚ፣ የቀድሞ ተማሪዬ፣ የኔኑ የግመል ታሪክ ለጎብኚዎች ሲተርክ ከኋላ ቆሜ ሰማሁት። በትክክል የኔን ቃል ነው የደገመው፤ እጁን እንኳ እንደኔ ዘርግቶ። ጎብኚዎቹ ከሄዱ በኋላ ጠርቼ አረምሁት፤ «መምህር፣ እርስዎ አይደሉም ያስተማሩኝ?» አለኝ። (ሳቅ) ሌሎች ስንት ተማሪዎች ይህንኑ ይዘው እንደወጡ አስባለሁ። ሁሉንም ጠርቼ ማረም አልችልም፤ ይህን ንግግር ለማዘጋጀት ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

ለመሆኑ ሃሪስ መጨረሻው ምን ሆነ? በ1843 ሸዋን ለቅቆ ወጣ፤ በማግስቱ ዓመት የሰር ማዕረግ ተሰጠው። ያ የተደከመበት ውል እምብዛም ሥራ ላይ አልዋለም። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1847 ዐረፉ፤ ሃሪስ በ1848 በሕንድ ሞተ። ሠዓሊው በርናትስ ሥዕሎቹን በ1852 አሳተመ። እነዚያን ሥዕሎች ስታዩ፣ መሀላቸው ላይ ያለውን ተራራ ወይም ቤተ መንግሥት ለጊዜው ተዉትና ጠርዙን ተመልከቱ። በጠርዙ ሰዎች አሉ።

በዚህ ዓመት ከተማሪዎቹ ጋር ከፋሬ በኩል ያለውን የድሮ የእግር መንገድ ከታች ወደ ላይ ለመውጣት ጀምረናል፤ በመኪና ሳይሆን በእግር። ስንቱን ቦታ ሽማግሌዎች በስም ያውቁታል፤ ሸክም የሚወርድበት፣ ውሃ የሚጠጣበት፣ በቅሎ የሚለወጥበት። እስካሁን የሄድነው አንድ ሦስተኛውን ነው። የመጀመሪያ ቀን እኔ ከመካከል ላይ ደክሞኝ ተቀመጥሁ፤ ቦርሳዬን ያ የአልዩ አምባ ልጅ ተሸከመልኝ። ስሙን በማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ።